የእማዬ ሳልቪያ

መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ቂርቆስ ሰፈር፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? የጫካው ብርድ ደረትህን አላመመህም? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። ቅቤ ነጋዴዋ ደብዳቤህን አድርሳልኛለች። ሦስት ቦታ ላይ «እማዬስ?» ብለሃል። ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ አበባዋ ልንገርህ።

ያቺ አትክልተኛው በድሉ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለእማዬ የሰጣት፣ ፈረንጆቹ ሳልቪያ የሚሏት ሐምራዊዋ አበባ፣ ዘንድሮ አጥሩን አልፋ አበበች። ከማዶ ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት ይደረድራሉ። የአንዱ ሚስት በአጥር አሻግራ አየቻትና ካልሸጥሽልኝ ብላ ድርቅ አለች። ወዲያ ሂጂልኝ አልኳት፤ በአማርኛ ስለሆነ ሳቀችልኝ።

እማዬ መቀሷን ለሰው እንደማትሰጥ ታውቃለህ። አበባው ሳይረግፍ ብነካባት «አንቺ ጨካኝ፣ ገና ንብ እያለበት!» ብላ ስንት ቀን አኩርፋኛለች። ዘንድሮ ግን የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ገና ንብ እያለበት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ አስቀርቼ እቅፍ ሙሉ ቆረጥኩ። ማንም አልተቆጣኝም።

የጎረቤታችን የሸዋአየሁ ወንድም ትዝ ይልሃል? «አባቴን ሳላለቅስለት አልቀርም» ብሎ ለተዝካሩ ከጫካ ወረደ። ድንኳኑ በር ላይ ጠብቀው ያዙት፤ የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም። ያን ቀን እማዬ እጄን ጨብጣ፣ «ነግ በኔ ነው። ምንም ይስማ ምንም፣ እነዚህ ሰዎች ካገር ሳይወጡ ልጄ እንዳይመጣ። በሞቴ ብላለች በይው» አለችኝ። ይኸው ብዬሃለሁ። እንዳትመጣ!

ወንድሜ፣ አንጀቴ ተቆርጧል። ቤቱ ሰፋኝ። አሁንም ቁርስ ለሁለት አቀርብና አንዱን መልሼ አነሳለሁ።

አበባዋን ከሥሯ ከፍዬ አንዷን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ተከልኳት፣ በምሥራቅ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኛት ቦታ። ሥሯ እንዳይበሰብስ ውሃ አላበዛባትም። ይዛለች፤ አቆጥቁጣለች። እሷስ ተቆርጣም ትመለሳለች።

አገር ነፃ ወጥቶ ስትመጣ ቀድመህ ወደ ቤት አትምጣ። ቂርቆስ ግባ፤ አበባዋን ታውቃታለህ። እስከዚያ እኔ እየኮተኮትኩ እጠብቅሃለሁ።

የቂርቆስ አምላክ ከጥይት ይሰውርህ። ጠላትህን ዓይኑን ይያዝልህ። ለእኔም ቀባሪ አያሳጣኝ።

አንተ ብቻ የቀረሃት እህትህ