ጽሑፉ ውስጥ የሌለው

ዱዋርኔኔ፣ ማክሰኞ ጃንዋሪ 23 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለሮዜን፣

እንደምን ከርመሻል? ፕሊመዝ ላይ ዝናቡ እንዴት ነው? እኛ ጋ ከገና ወዲህ አላባራም። ጤናዬ ደህና ነው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ሳይበርድ ልጻፍልሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

መቼም የራሷን መጽሐፍ ለእናቷ ልካ፣ ውስጡ «እማዬ፣ የግድ ማንበብ የለብሽም» የሚል ወረቀት የምትከት ልጅ ካንቺ በቀር አላየሁም። ታዲያ ምን ላደርገው ነው? ድስት ላስቀምጥበት? በእንግሊዝኛ የጻፍሽው እዚያ ስለምትኖሪ ነው ወይስ እኔ እንዳላነበው እያልኩ ስንት ቀን አሰላሰልኩ። አልጠየቅኩሽም። እልህ ያዘኝና ቤተ መጻሕፍቱ ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ልመዘገብ ሄድኩ። የጀማሪዎቹ ክፍል ሞልቷል አሉኝ። ቦታ የነበረው የላቁት ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ። እንግሊዝኛ ድሮ ጎበዝ ነበርኩ ብዬ ዋሸሁና ገባሁ።

መምህራችን ሙሴ ታንጊ በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ አርባ ቃላት የያዘ ዝርዝር አደለን፤ በግራ ፈረንሳይኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ባሮ ሽንኩርት ስከትፍ ስሸመድደው ከረምኩ። ተራኪ፣ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ድንቅ ሥራ። በኖቬምበር የአንድ ሥዕል አወቃቀር ድፍረት የተሞላበት ነው ብዬ በእንግሊዝኛ መናገር ቻልኩ። ምን ይረባል! መጽሐፍሽን ስገልጠው ከሁለት መቶ አርባው አንዱም የለም። ያንቺው በር ነው፣ ዘይት ነው፣ ሽርጥ ነው፣ የራሰ ጫማ ነው። ስለ መጽሐፍሽ ማውራት እችላለሁ፣ መጽሐፍሽን ማንበብ አልችልም። ለሙሴ ታንጊ ብነግረው፣ እነዚያን ተራ ቃላት የሚማሩት ጀማሪዎቹ ናቸው አለኝ።

ከገና በኋላ እያንዳንዳችን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንድናመጣ አዘዘን። እግሬን ይስበረውና ያንቺን ይዤ ሄድኩ። ሽፋኑ ላይ ያለው የባልሽ ቤተሰብ ስም ስለሆነ ማንም አላወቀሽም። እኔም አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ ያመስግኑሽ፣ ከዚያ «ልጄ ናት» እላለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አባዝቶ ለሁሉም ሰጣቸው።

ባለፈው ሐሙስ ቀድማ የተናገረችው ማዳም ኮርላይ ናት፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት የነበረችው፣ በየዓመቱ ለንደን ደርሼ መጣሁ የምትለው። «እናቲቱ ስሜት አልባ ገጸ ባሕርይ ናት» አለች በእንግሊዝኛ። «ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ልጇ ሮጣ ስትመጣ በክርኗ ትገፋታለች እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አትነካትም።» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሴ ታንጊ ደግሞ ቃላቱን በሚገባ ተጠቅማለች ብሎ አመሰገናት። አንድም ነገር አላመለጠኝም፣ ሮዜን። ዋና ዋናዎቹ ቃላት ሁሉ ከዝርዝሩ ላይ ነበሩ። አራት ወር ለፍቼ መጀመሪያ ጥርት ብሎ የገባኝ እንግሊዝኛ እኔኑ የሚያማ ሆነ።

እጄን አወጣሁ። «እናቲቱ ምክንያት ነበራት» አልኩ።

«ጥሩ። ከጽሑፉ ያሳዩን እስቲ» አለኝ ሙሴ ታንጊ።

«ጽሑፉ ውስጥ የለም።»

«ጽሑፉ ውስጥ ከሌለ፣ ማዳም ለጎፍ፣ የለም ማለት ነው።»

ማዳም ኮርላይ አዘነችልኝ መሰል ከረሜላ አቀበለችኝ። በላሁት፤ ተናደድኩ ብዬ ከረሜላ አልጥልም።

ሰባት ዓመትሽ ነበር። የወደቡ ኃላፊ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ፀጉርሽ ሰርዲን ሰርዲን ይላል» ብላሽ ከትምህርት ቤት እያለቀስሽ መጣሽ። በማግስቱ ልጎነጉንሽ ስል ራስሽን አሸሸሽብኝ። እጄን በሎሚ አሸሁት፣ በረኪና ውስጥ ነከርኩት። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ሰርዲን ሲደረድር የዋለ እጅ በምን ይለቃል? ጉንጉኑን ለአክስትሽ ተውኩላት። አንቺ በሳምንቱ ረስተሽው እንደ ድሮው እየሮጥሽ መጣሽብኝ፤ እኔ አልረሳሁም፤ እጄን ወደ ላይ አንስቼ በክርኔ መለስኩሽ። እንዲህ እያልን ስንት ዓመት ሄደ። ይህን ለምን አልጻፈችውም ብዬ ሦስት ቀን በቁጣ ጦፍኩ። በአራተኛው ቀን፣ ከየት ታምጣው፣ ነግሬያት አላውቅ አልኩ። አዝኜብሻለሁ። ኮርቼብሻለሁም።

አሁን በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ገጽ ሠላሳ አንድ ደርሻለሁ። መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ። ትምህርቱንም አላቋርጥም፤ ማዳም ኮርላይን ደስ አይበላት።

ቅድስት ሐና ከማዕበሉ ጠብቃ ለፋሲካ በሰላም ታምጣልኝ። ሮስኮፍ ወደብ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። እንደ ሁልጊዜው ጉንጭ ለጉንጭ ነክተሽኝ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ መኪናው እንዳትሮጪ፣ ትንሽ ቆም በይልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። እጄ አሁን አይሸትም።

እናትሽ ጆዜት