የስዊቹ ቦታ

ለልጄ ለአክሊል፤ ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና ያግኝህ። እናትህ በቤቷ ኔትወርክ እንዳይገባ ከለከለች የሚል ወሬ ብትሰማ ሐሰት ነው።

እህትህ ሩታ እዚሁ ቤታችን ያለውን የስፌት ቤቷን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኝ ባለሙያ አመጣች። አምስት ኬብል የሚቀበል፣ ስዊች የሚሉት ማገናኛ ሣጥን ይበቃል ሲል ስምንት የሚቀበለውን አስመረጥሁ፤ የአንተን ክፍል ረስቶ ነበርና። ከዚያ ስዊቹን እዚያው ክፍልህ ልስቀለው አለ።

«እማማ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ይቆለፋል፣ ደግሞ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም፤ ባለቤቱ መንገድ ሄዷል» አልሁት።

ሩታ ፊቷን አዞረች። ማራገቢያ የሌለው፣ ድምፅ የማያሰማ ስዊች ተገዝቶ ከእኔ ራስጌ ተሰቀለ። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኔም ብዙ አልተኛም። ስልክህ ከፋሲካ ወዲህ ስለማይጠራ ይህን የምልከው ወደ ሄድህበት ወደ መተማ ጭነት በሚያደርሰው በአቶ አድነው እጅ ነው።

ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሃል፤ እመቤቴ ትጠብቅህ። ነገ መጀመሪያ አልጋህን አነጥፋለሁ። ቀጥዬ እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ፣ አድነው ጭኖ ሳይነሣ ሽሮ ሜዳ እወርዳለሁ። ደብዳቤውን ለሌላ ሰው ሳይሆን በእጅህ እንዲሰጥህ፣ ቢያጣህም ሳይደብቅ እንዲነግረኝ አስምለዋለሁ።

እናትህ የሺሀረግ