ዘሯን የበላች ጋላክሲ

ይድረስ ለእንዳልካቸው፣

ሰላምታው ይቆየን፤ ከመካነ ሰላም ብግን ብዬ ነው የምጽፍልህ። ዛሬ ለገበሬዎች ስለ ጋላክሲዎች ሳወራ፣ «ያላትን ጋዝ ሁሉ ቶሎ ኮከብ አድርጋ የጨረሰች ጋላክሲ አዲስ ኮከብ አትወልድም» ከማለቴ፣ መድረክ መሪው «ተይው፣ ይሄ ገበሬ አይገባውም!» ብሎ አቋረጠኝ። እትዬ ባፈና የሚባሉ ሴት ከመሃል ተነሡ።

«ምኑ ነው የማይገባን? ዘሯን በልታ ነዋ! ዘሩን የበላ ቤት ምን ይዘራል?»

እዚያ ከተማ ለተማሪዎቼ ይህን ለማስረዳት ወር ይፈጅብኛል!

ግን መድረክ መሪውን ምን ብዬ ልውቀስ? «የገጠር ልጅ አይገባውም» ብለን የጋላክሲውን ምዕራፍ አብረን ከምንጽፈው መማሪያ መጽሐፍ ያወጣነው እኔና አንተ አይደለንም?

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ምዕራፉን መልሰው፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእትዬ ባፈና ነው።

የትምወርቅ