የባል ፊርማ ለጎደለው ማመልከቻዬ የቀረበ ምስጋና

ለሆስፒታሉ የሥነ ምግባርና የፈቃድ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የተከበሩ የኮሚቴዎን አባላት ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ረቡዕ፣ በወር አንድ ጊዜ መሰብሰቡ አድክሟችሁ እንዳይሆን ሐሳብ ገብቶኛል። የእኔን ከጠየቁኝ፣ አፌ ውስጡ ቆስሎ ውኃ መዋጥ ቢያቅተኝም፣ ከጀርም እንድጠበቅ ሁለት በር ባለው ክፍል ተዘግቶብኝ ፀጉሬን ከትራስ ላይ እየለቀምኩ፣ ተመስገን አለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በመዝገብ ቤት ስድስት ዓመት የሠራሁ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ይዤ ስለተወለድኩ፣ ደሜ በየሥሬ እየታጎረ አጥንቴን ሲያስጮኸኝ ነው ያደግሁት፤ አምና ደግሞ ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ግማሽ አካሌን ለሦስት ሳምንት ነሳኝ። የታናሽ ወንድሜ መቅኔ ከእኔ ጋር በመግጠሙ ንቅለ ተከላ ተወሰነልኝ። ሐኪሜ ግን የራሴን መቅኔ ለማጥፋት አስቀድሞ የሚሰጠው ኬሞ ልጅ የመውለድ ተስፋዬን ሊያጠፋው እንደሚችል፣ ከኬሞው በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ከተገኘ ደግሞ እንቁላሎቼን አውጥቶ በማቀዝቀዣ ማኖር እንደሚቻል ሳትደብቅ ነገረችኝ። የጎደለው የእናንተ ፈቃድ ብቻ ነበር። እኔም እየሮጥኩ መጣሁ፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉልኝ።

እንግዲህ የዋላችሁልኝን ውለታ በተራ ቁጥር ላስታውስ፤

1. «የባል ፊርማ» ከሚለው መስመር በቀር ቅጹን ሁሉ ሞልቼ ባቀርብ «ያልተሟላ» ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ባል እንደሌለኝ በጽሑፍ ባስረዳ ደግሞ፣ በሁለተኛው ረቡዕ፣ ሳገባ እንድመለስ መከራችሁኝ። እናቴ ይህንኑ ስትመክረኝ ኖራ ደክሟት ስለነበር፣ ሥራውን ስለተረከባችሁላት እርሷም ታመሰግናለች።

2. የንቅለ ተከላውን ስምምነት ግን ብቻዬን ነው የፈረምኩት። «ልሞት እንደምችል ተረድቻለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ የማንም ባል አልተጠየቀም። ለመሞት ሲሆን ሙሉ ሰው መሆኔን ከእናንተ ቤት በማወቄ ኮርቻለሁ።

3. ወንድሜ ለመርፌ እንጂ ለቢሮ ትዕግሥት ስላልፈጠረበት፣ እኔ ሳላውቅ ቅጹን ፋይሌን ከምትይዘው ነርስ ተቀብሎ በባል ቦታ ላይ ፈርሞ አስገባው። ጥፋት ነው፣ አልክድም። እናንተ ግን የሁለታችን የአባትም የአያትም ስም አንድ መሆኑ ቅንጣት ሳይገርማችሁ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን እንድናያይዝ አዘዛችሁ። መጀመሪያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ፊቷን አዙራ ስታለቅስ አየኋት፤ ሦስተኛው ረቡዕ ያለፈን በዚያ ወረቀት ነበርና።

4. በአራተኛው ረቡዕ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።

የንቅለ ተከላው አልጋ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስ በመሆኑ፣ ተራዬን ብለቅ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ያ የአምናው ነገር እንደገና ወደ ጭንቅላቴ ቢወጣ ደግሞ የሚመለስ አካል ላይኖረኝ ነው። ሐኪሜ እጄን ይዛ ወስኚ አለችኝ። ወሰንኩ፤ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ኬሞው ተጀመረልኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህችን አንቀጽ እንደ ሌሎቹ በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም። ልጅ እፈልግ ነበር። ታምሜ ስላደግሁ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ አቅፎ ማንጋት እንዴት እንደሆነ ከእናቴ አይቻለሁ፤ ያን የማደርግለት ሰው እንዲኖረኝ ነበር ያን ያህል የተመላለስኩት። አንጀቴ አርሯል።

ለሰጣችሁኝ ጊዜ ሁሉ፣ በተለይም ለወሰዳችሁብኝ፣ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ኮሚቴው ዕድሜ እንዲሰጠውና ረቡዕም በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲመጣለት እመኛለሁ።

በራሷ እጅና በራሷ ስም ብቻ የፈረመች፣
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወደፊት ባሌ (አድራሻው ለጊዜው ያልታወቀ)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። በትናንቱ ረቡዕ ተሰብስባችሁ፣ በልዩ ሁኔታ፣ ያለ ባል ፊርማ ፈቅዳችሁልኛል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ስለሆነም ጊዜዬን በአግባቡ እንድጠቀምበት አሳስባችሁኛል። ኬሞው ከተጀመረልኝ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው።