ሐኪም ናት ያልኩባት ልጄ

እሑድ 2/11፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ከሥራ ገባሁ። ወገቤ እንደ ልማዱ። ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ዛሬም ስምንት ሰዓት ማልጌዛ፣ ዕቃ ማንሻው መኪና ላይ። ዕቃ አንሣ፣ ዕቃ አውርድ። ሃያ ሁለት ዓመት! የሚያነሣው ማሽኑ፣ የሚያመው እኔን።

ሰገነት ላይ የልጄ የሺራ የሥራ ልብስ ተሰጥቷል። ብልጭታ ክንዱን የበሳሳው ሰማያዊ ቱታ። ከተማችን ቂርያት ማላኺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰገነት ላይ ነው የሚውለው። ጎረቤት ሳያይ አንሥቼ መታጠቢያ ቤት ሰቀልኩት። ትንሽ ቆይቼ ባይ ተመልሶ ሰገነት ላይ ነው። ማን እንደመለሰው አልጠየቅሁም። እሷም ማን እንዳነሣው አልጠየቀችም።

ላንተ ልንገርህ ደብተሬ፣ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ውትድርናዋን ጨረሰች፣ ነርስነት ት/ቤት ገባች፣ በዓመቱ ተወችው። ቀኑ አልመሽልኝ አለ አለች። ከዚያ ሥራ መምረጥ የምታግዝ አማካሪ ዘንድ ሄደች፣ ወረቀት ሞላች፣ ያቭኔ ብየዳ ቤት ተቀጠረች። ብረት በያጅ! ስምንት ወር ሆናት። ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።

ማክሰኞ 4/11፣ አመሻሽ

ገዴራ ልቅሶ ደርሼ መጣሁ። ድንኳን ሙሉ ያገር ሰው። አያ ባዬ አጠገቤ ተቀመጡ። ከሰማንያ አንድ ፈሪ ናቸው፣ ከአንድ መንደር ነው የወጣነው፣ አባቴን ያውቃሉ። ልጅህ ምን ላይ ናት አሉኝ። ሐኪም ልትሆን ነው አልኩ! እንዴት ከአፌ እንደወጣ እኔም አላውቅም። ድንኳኑ ሁሉ መረቀኝ። ወግ ማዕረጓን ለማየት ያብቃህ። አሜን አልኩ። አሜን ማለቴ ነው የባሰው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ በቃ።

ለምን ዋሸሁ? አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ። ገበሬው ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ ይመጣል፣ ዞር ሲል ቡዳ ይለናል። እኔ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ምግብ ይሸፍናሉ። ከዚያ አገር ስወጣ ከእንግዲህ ከዘሬ ብረት የሚነካ አይኖርም ብዬ ነበር። ግን ስማ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ከማን ነው የምደበቀው? አቤት ውርደት።

ዓርብ 7/11፣ ሰንበት ሊገባ ሲል

ጉድ ፈላ!

ስምንት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አያ ባዬ። ከገዴራ በአውቶቡስ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ፌስታል ሙሉ መድኃኒትና የቁፓት ሆሊም፣ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አንጠልጥለው። ዶክተሯን ላማክር መጣሁ ይላሉ። ዕብራይስጥ አያነቡም፣ የልጅ ልጆቻቸው ያላ ያላ እያሉ ይሮጡባቸዋል። ባለቤቴ ዝማም አፍጥጣ አየችኝ። መዋሸቴን ለሷም አልነገርኳትም ነበር።

ሺራ ገባች። ቱታ፣ ጥላሸት፣ የእጇ አንጓ ላይ አዲስ ጠባሳ። ከልምምድ መምጣቷ ነው አልኩ ቶሎ ብዬ። ምን ልምምድ! ቆም ብላ አየችኝ። አላጋለጠችኝም። እጇን ታጠበች፣ አጠገባቸው ቁጭ አለች፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ግን ረጋ ብላ። የመድኃኒቱን ነገር ነርሷን ይጠይቁ ብላ በስልኳ ቀጠሮ ያዘችላቸው። የት ነው የሚያምዎ አለች። ጉልበታቸውን። መቼ? ደረጃ ሲወጡ። ደረጃው መያዣ ብረት አለው? የለውም። አሥራ አንድ ደረጃ፣ ያለ መያዣ! ስፋቱን ጠየቀች፣ ጻፈች። አያ ባዬ እጇን አዩ፣ ነጥብ ነጥብ ያለውን ቃጠሎ። መረቋትና በመጨረሻው አውቶቡስ ሄዱ።

እሳቸው ሲወጡ፣ አባ፣ አፈርክብኝ? አለችኝ። አይ አልኩ። የዛሬ ሁለተኛ ውሸት።

ቅዳሜ 8/11፣ ሰንበት እንደወጣ

ሰንበት ነውና ብዕር አልነካሁም። ትዝ የሚለኝ የአማካሪዋ ወረቀት ነው። ሺራ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትሞላው አንዱን ጥያቄ ለኔም አነበበችልኝ። ምን ስትሠራ ነው ሰዓቱ የሚጠፋብህ? ይላል። አንተስ አባ? አለች።

በዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። መልሱ ወዲያው መጣልኝ። ወናፍ ስነፋ፣ ብረቱ ሲግል፣ አባቴ ቀለሙን አይቶ በቃ እስኪለኝ። እሷን ግን ቴሌቪዥን ሳይ አልኳት። ሳቀችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። የገዛ ልጄን አንዲት እውነት ነፈግኋት።

ማክሰኞ 11/11፣ ከቀኑ 11 ሰ.

የአያ ባዬን መያዣ ብረት ከሥራ ሰዓቷ ውጭ እየሠራችላቸው ነው። ሐሙስ ልትተክለው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይበይዳል። ዛሬ ጧት፣ አንተ ናልኝ አለች። ወገቤን አልኩ። ቤሰደር፣ አባ አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ይቺ ቤሰደር ከስድብ ትብሳለች።

ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ከሥራ ስወጣ መኪናዬን ወደ ያቭኔ ነዳሁ። የብየዳ ቤቱ በር ክፍት ነው። ከመንገድ ማዶ ቆሜ አየኋት። የፊት መከላከያዋን ወደ ላይ ገፍታ፣ የበየደችውን በመዶሻ መታ መታ ታደርግና ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። አባቴ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው! ስለሱ አንድ ቀን አውርቼላት አላውቅም። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ነርስ ት/ቤት ሳለች አንድም ቀን አላየሁትም። እንባዬ መጣ። ታዲያ ገብቼ ሰላም አልኳት መሰለህ? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተመለስኩ። ፈሪ።

ረቡዕ 12/11፣ ከቀኑ 11 ሰ.

አያ ባዬ ደወሉ። ሐኪሟ ነገ ብረት ልታቆምልኝ ነው አሉ። እጇን ሳይ ነው ያወቅሁት፣ ያባትህ እጅ እንዲያ ነበር አሉ። በሰደቡኝ! አልሰደቡኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔም ለልጅ ልጆቼ አባቴ ገበሬ ነበር ብያቸዋለሁ፣ ይኸው እስካሁን ገበሬ ነው አሉ። ወናፍ ሲነፉ ያደጉ ሰውዬ! በመጨረሻ፣ ነገ ልጆቹም ጎረቤቱም ይሰበሰባል፣ ብትመጣ መልካም ነው ብለው ዘጉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ላይ ለመጥራት ሃምሳ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

ሐሙስ 13/11፣ ጧት

መጋዘን ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ። አለቃዬ ታመምክ ወይ አለ። አይ፣ ከልጄ ጋር ሥራ አለን አልኩ። መናገሩ እንዲህ ቀላል ነው ለካ።

ሺራ ጓንት ሰጠችኝ፣ ጠበበኝ። ወገብህስ አለች። ይቻለዋል አልኩ። ጓንቱን በሰፊ ቀየረችልኝ።

ገዴራ ስንደርስ መጠየቄ አይቀርም። ዶክተሯ ይቺ ናት ወይ ይላሉ። አይደለችም፣ ዋሽቼ ነው፣ ቀጥቃጭ ናት፣ ያባቴ የልጅ ልጅ ናት እላለሁ። በሰው ፊት አፍራለሁ። ይበለኝ። እንዳላፈገፍግ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ከዚያ በፊት ግን፣ መኪና ውስጥ፣ ለብቻችን ሳለን፣ የዚያን ወረቀት ጥያቄ መልስ እነግራታለሁ። ወናፉን። የብረቱን ቀለም። በቃ ይለኝ የነበረውን ሰው ስም። ስሙን እንኳ አታውቀውም።

ከታች ትጠራኛለች። ብረቱ ለብቻዋ አይነሣላትም፣ ልሂድ