ሙሳን «ልብ ይስጥህ» ያልኩት

ሚያዝያ 4፣ ጠዋት 2፡30
ደብተሬ፣ ገና ከጠዋቱ ጋውኔ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። አሰብ ናት፣ ምን ይደረግ! ከደሴ አንስቶ እዚህ ክሊኒክ የመደበኝ ሰው ይሄን ሙቀት ቀምሶት አያውቅም። ወረፋው ረጅም። ሙሳ መጣ። የወደቡ መካኒክ፣ የዚሁ የጎረቤት ከተማ የበይሉል ልጅ። መርከበኛ ሳለ ባሕር ማዶ ታሞ፣ የሞተ ሰው ልብ ተተክሎለት የተመለሰው። ዘጠኝ ዓመቱ፤ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ እግሩ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደረትህን ያምሃል? በጭራሽ አለ። እንግዲያው ሙቀቱ ነው፣ ጨው ቀንስ ብዬ ሸኘሁት።

ሚያዝያ 6
ወይ እኔ! ዶ/ሩ ሙሳን መርምሮ ተቆጣኝ። ልክ ነው። ለካ ሲተከል ነርቩ ስለሚቆረጥ፣ የሙሳ ልብ ቢታመምም አይናገርም። እኛ «ልቤ ነገረኝ» እንላለን፤ የሱ ዝም ነው። የደም ሥሮቹ ጠበዋል፣ ልቡ ደክሟል። መፍትሔው ሌላ ልብ ብቻ። ዶ/ሩ ባሕር ማዶ ላሉት የቀድሞ ሐኪሞቹ ቴሌግራም መታ። አፈርኩ። ሙሳ አይዞሽ ሲስተር ብሎ እኔን አጽናና!

ሚያዝያ 14፣ ከሰዓት
መልስ መጣ፤ ይምጣ ብለዋል። ሙሳ እምቢ። አንድ ሰው ሞቶልኛል፤ ስሙን እንኳ አላውቅም፣ በየጁምዓው ዱዓ አደርግለታለሁ፤ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ሞት ደጅ አልጠናም አለ። ሚስቱ ፋጡማ አለቀሰች። እኔ ነደደኝ። «ልብ ይስጥህ!» አመለጠኝ። ሙሳ እስኪያስለው ሳቀ። «አንዴ ሰጥቶኛል እኮ፣ ሲስተር!»

እንዲህ ያለ ሰው ይሙት?

ሚያዝያ 16
ወርክሾፕ ሄድኩ፣ ልለምነው። መቆም ስላቃተው ተቀምጦ ይሠራል። እጁ ግን ቅንጣት አይንቀጠቀጥም፤ ወንድ ነው! ከተቃጠለ የውሃ ፖምፓ ደህናውን ዕቃ ፈትቶ ለሌላው ይገጥማል። ለዚህ ፖምፓ ብለህ ነው ያኛውን የገደልከው? አልኩት። ኧረ ሞቶ ነው የመጣው አለ። ዕቃውን በእጁ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ገጠመው። ፖምፓው ተነሳ።

ሚያዝያ 25
ሙሳ እሺ ካለ በኋላ የመውጫ ፈቃዱ በምን ተአምር ቶሎ እንደደረሰ እንጃ። ይሄዳል! አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው። ፋጡማ ክንዱን ይዛ። ፍተሻው ጋ ሲደርስ ዞረ። ያን ነገር ድገሚልኝ አለ። ሰው ሁሉ ያያል። ቆሞ ጠበቀኝ። ጮህኩ፦ ሙሳ፣ ልብ ይስጥህ!

አሚን አለ። ፋጡማም አሚን። ፈታሹ ወታደር፣ ምኑም ሳይገባው፣ አሜን።