ኤደን ከማሽኑ ተነሥታ እንድትመጣ

ለወንድሜ ለካሳዬ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ራስ ምታቱ ተወህ ወይ? ሃናስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሐዋሳ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከዓይኔ ከራቀ ሰንብቷል። ከቆቦ በኩል ጦርነቱን የሚሸሸው ሰው መርሳን ሞልቶታል። እኔም ቤት ፋንቱ የምትባል እናት ከነልጆቿ ተጠግታለች።

የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ኤደን ነው። ባልደረቦቿ መምህራን ከወልድያ ሲወጡ እሷ ቢሮ ተቀምጣለች። አንተ ባስተማርካት ፕሮግራም በሥዕል የሠራችው የፊደል ትምህርት፣ ያለቀው በየታብሌቱ ተጭኗል፤ የሚታረመው ዋናው ግን በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው አለችኝ። መብራት ደግሞ ጠፍቷል። «እማ፣ መብራት ሲመጣ ገልብጬ በማግስቱ መርሳ ነኝ» ትላለች።

ማክሰኞ ሄጄባት ነበር። «ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፣ አንቺ ሥዕል ትጠብቂያለሽ?» ብላት ሳቀች። «መጀመሪያ የሠራሁትን ረሳሽው እንዴ? ስትሳሳቺ ቀይ ምልክት እያወጣ ቢጮህብሽ ታብሌቱን በፊቱ ደፍተሽው ወጣሽ። የሚታገሥሽ እስኪሆን ስንቴ አፈረስኩት!» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን ብሳሳት በራሷ ድምፅ «አይዞሽ፣ እንደገና ንኪው» ይለኛል። ይህን የምጽፍልህም በእሱ ተምሬ ነው። አባታችን አንተን ትምህርት ቤት ሰድዶ እኔን ለጥጃ ጥበቃ አስቀረኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በልጄ ነው። ታዲያ ለፊደሉ ብዬ እሷን ልስጥ?

በአንተም አዝኛለሁ። ደውለህ ውጪ በላት ብልህ፣ እንዴት እንደሚገለበጥ ስታስረዳት አመሸህ። እኔ ስደውልማ «እሺ እታለሜ» ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን ሳልጨርስ አይዘጋብኝም። ሹፌሩ ንጉሴ ደሴ ሲደርስ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል።

አሁን የምልህን አድርግ። ከእኔ የማትሰማውን ከአንተ ትሰማለች። ደውልና «ለእርማት የላክሽልኝ ጊዜ ዋናውንም አስቀርቼዋለሁ፣ እኔ ዘንድ አለ» በላት። ባይኖርህም አለኝ በል። ኃጢአቱ በእኔ ይጻፍ። ስታውቅ ትቆጣኝ፤ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብላ እስኪበቃት ትቆጣኝ። ስድሳ ዓመት ያለ ፊደል ኖሬያለሁ፤ ያለ እሷ መኖር ግን አልችልበትም።

ለሃና፣ ለኤርሚያስ፣ ለትንሿ ልጅህ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ለአማትህ ለእማማ ታንጉትም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ። ሰላምታዬን የምታደርሰው ግን መጀመሪያ ለኤደን ከደወልክ በኋላ ነው።

እህትህ በላይነሽ
መርሳ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.